ልጅ የሌለው እጅ

ድሬዳዋ ውስጥ የካቶሊክ ቄስን ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ቅዳሴ የሚመጡት የማውቃቸው ፊቶች ናቸው፤ ለኑዛዜ የሚመጡትም እነዚያው። ነሐሴ ሲገባ ግን አቤት ፍቅር! መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር የነበረ ሰውዬ «አባ፣ ምነው ጠፋህ!» ብሎ አንገቴን አቅፎ ይስመኛል። ስልኬ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ይጮኻል። የማላውቀው ሰው ደውሎ የእናቴን ጤና ይጠይቀኛል። እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ!

የዚህ ሁሉ ፍቅር ምንጭ ትምህርት ቤታችን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው መዋዕለ ሕፃናት አንዴ የገባ ልጅ እዚያው እያደገ እስከ መጨረሻው ክፍል ይዘልቃል። ስለዚህ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ልጁን ይዞ ይመጣል፤ የራሴ ምእመናን ደግሞ «በገዛ ቤታችን እንዴት ዕጣ እናወጣለን?» ብለው ያኮርፋሉ። ቦታው ትንሽ ነው፣ ሰው ብዙ ነው። እኔ ያኔ የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበርኩ፤ ያለ ዕጣ ማንም አይገባም ብዬ ያወጅኩትም እኔው ነኝ።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ግን በአንድ ነገር እኮራ ነበር። ይህ ከተማ የማያማው ሰው የለም። ነጋዴውን ያማል፣ ሹሙን ያማል፣ ሼኹን ያማል፣ ቄሱን ያማል። እኔን ግን «ሰውዬው ደረቅ ነው፤ ግን አይነካካም» ይሉኝ ነበር። ይቺን ቃል እወዳት ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? እኔ ደግሞ ልጅ የለኝ፣ ቤት የለኝ፣ ከስሜ በቀር የምተወው ነገር አልነበረኝም።

የዕጣው ሰሞን የመጀመሪያዋ አመልካች የገዛ እህቴ ነበረች። አስቴር ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ድሬዳዋ ከተመደብኩ በኋላም ባሏ እዚሁ ሥራ አግኝቶ ሳቢያን ሰፈር ትኖራለች። የልጅ ልጇን ሜላትን ልታስገባ ትፈልጋለች። ቤቴ መጥታ ሻይ እየጠጣች እንደ ዋዛ ጀመረችው። እኔም ሕጉን ነገርኳት። ሁሉም እንደ ሰው ተሰልፎ፣ በገዛ እጁ፣ ከባልዲው ውስጥ አንድ ወረቀት ያወጣል። ማህተም ያለበት ወረቀት የደረሰው ገባ፣ ባዶ የደረሰው አልገባም። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች።

በዕጣው ቀን ጠዋት ደግሞ አቶ ግርማ መጡ። ዕጣውን እንዲታዘቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላኩ፣ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ቢሮዬ ገብተው «እርስዎ» እያሉ ብዙ አመሰገኑኝ። የድሬ ሰው «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ስመጣ ይከፋኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው «እርስዎ» ሲለኝ ምን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ እፈራለሁ። አልተሳሳትኩም። አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ የትልቁ ሰው ልጅ አለ፣ ዕጣ ውስጥ ቢገባ ለትልቁ ሰው ክብር አይሆንም። እኔም ለትልቁ ሰው ክብር የሚሆን ባልዲ የለንም አልኳቸው። ፈገግ ብለው ለስላሳቸውን ጨረሱና ወደ ግቢው ወጡ።

ግቢው ጢም ብሏል። ወላጆች ዛፍ ጥላ ሥር፣ በግድግዳው ጥግ፣ በደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ወረቀቶቹን እዚያው ሰው ፊት አጥፈን ጨመርንና አማስልን። ምክትሌ መምህር ደረጄ ስም ይጠራል፤ አቶ ግርማ ባልዲው አጠገብ ቆመዋል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ላቤን እጠርጋለሁ። ማህተም የወጣለት «እልል» ይላል፣ ባዶ የወጣለት ወረቀቱን እንደ በደለኛ አገላብጦ ያየዋል።

ሁሉም ግን አንድ ልመና ነበራቸው። «አባ፣ አንተ አውጣልኝ፣ እጅህ የተባረከ ነው።» የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጸሎት ይኸው ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስሰብክ ማንም አይሰማኝም፤ ወረቀት ለማውጣት ግን እጄ ተባረከ! ለእያንዳንዳቸው «በገዛ እጅህ፣ በገዛ እጅሽ» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

የአስቴር ተራ ደረሰ። ሜላትን ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣችና ዓይን ዓይኔን እያየች «አንተ አውጣልኝ» አለችኝ። የልጅነት ስሜን ጠርታ ነው የለመነችኝ። ሁሉም ምን እንደማደርግ ሊያይ ፈልጓል።

«አስቴር፣ በገዛ እጅሽ» አልኳት።

እጇን ሰደደች። ባዶ ወጣላት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፤ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ጥላው ሄዳ ቆመች። እኔም ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። ግን «ሕግ ሕግ ነው» አልኩ ለራሴ፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ።

ከእሷ ቀጥላ የተጠራችው ሂቦ ነበረች። ሂቦ መጋላ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ ባሏ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ታላላቅ ልጆቿን ሌላ ቦታ አስተምራ አልሆነላትም። አምና ለትንሿ ለሐምዳ ዕጣ ወጥቶ ባዶ ደርሷታል። በትምህርት ቤቱ ደንብ ለከርሞ የሐምዳ ዕድሜ ያልፋል። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ ሂቦ ችግሯን ለሰው ሁሉ ነው የምትነግረው። ሐምዳ ራሷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ባልዲው ውስጥ ያለው ማህተም ደግሞ አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ ደረጄ ቅድም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሯል።

ሂቦ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመችና እጇን ወደ ኋላዋ አጣመረች።

«አባ፣ እኔ አላወጣም» አለች።

«አላወጣም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቁማር ይመስለኛል። አምና አውጥቼ ሰላም አጣሁ። ሆዴ አልወደደውም።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ጺማም ነጋዴ፣ ራሱ ሙስሊም ነው፣ አቦ ዕጣ ቁማር አይደለም፣ ከፈለግሽ ሼኽ ጠይቂ አላት። ሂቦ ዞር ብላ አንተ ለራስህ አውጣ አለችው።

«ታዲያ ለምን ተሰለፍሽ?» አልኳት እኔ።

«ልጄ እንድትማር ነዋ!»

«ቁማር ከሆነ እኔ ባወጣልሽስ ቁማር አይደለም?»

«እሱን አንተ ከጌታህ ጋር ተነጋገር» አለችኝ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ደረጄ ያውጣልሽ አልኳት፣ ነገሩን ለመጨረስ። ሂቦ ደረጄን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እሱም ልጁን አሰልፏል። እነዚህ ሁሉ ልጅ አላቸው። እዚህ ግቢ ውስጥ ልጅ የሌለህ አንተ ብቻ ነህ። እጅህ አያዳላም።»

ሰልፉ መጮኽ ጀመረ። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጫት አለ፣ የድሬ ወንድ በዚያ ሰዓት ከበርጫው የሚያስቀረው ነገር አይወድም። መጀመሪያ «አውጣላት!» ያለው ያ ጺማም ነጋዴ ነው። ከዚያ ሌላው ተቀበለው። «አቦ አውጣላትና እንሂድ! ፀሐይ ጨረሰን!» አቶ ግርማም ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከአስቴር በቀር ዝም ያለ ሰው አልነበረም።

በቃኝ። ተነሳሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ እጄን ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። ስለ ሂቦም ስለ ሐምዳም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ቀዝቃዛ ውኃ ነው። የነካሁትን የመጀመሪያ ወረቀት አወጣሁና ሳልከፍተው ለደረጄ ሰጠሁት። ደረጄ ከፈተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ሰው አዞረው። ማህተሙ ነበር።

ሂቦ «ያ አላህ!» ብላ ልጇ ላይ ተደፋች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ራሴን ያመኛል።

ባዶ የወጣለትም፣ ገና ያላወጣውም አንድ ላይ ጮኸ። አንዱ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ምልክት አለው አለ። ሌላው «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮት ነው፤ በእጁ ዳብሶ ቀዝቃዛውን መርጦ አወጣ!» አለ። በድሬዳዋ ሙቀት! ከጠዋት ጀምሮ ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት! በዚያ ፀሐይ እንኳን ወረቀት እኔም በስዬ ነበር። ይህን የሚለው ደግሞ ሰው ፊት አጥፈን ስንጨምር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ የነበረ ሰው ነው። ቅድም «አውጣላት» ብሎ ሰልፉን ያስጮኸው ጺማም ነጋዴ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ሕጉ በገዛ እጅ አይደለም እንዴ? ለምን አወጣላት?» ይላል። አፌን ከፍቼ አየሁት።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀስ ተብሎ የተነገረው ነው። ከግድግዳው ጥግ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ልጅ የለውም ያለው ማነው?» ስትል ሰማሁ። ሁለቱም ሐምዳን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

አስቴር ከጥላው ሥር ወጥታ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። አልጮኸችም።

«ለእኔ ሕግ ነው አልከኝ» አለች። «ለእሷ እጅህ ታዘዘ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ። አንተ ከማን ነህ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ሜላትን ይዛ ወጣች።

አቶ ግርማ ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። ለሰላም ሲባል የሂቦ ወረቀት ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይግባና ዕጣው ይደገም አሉኝ። ይህን ሲሰሙ ቀድሞ ማህተም የደረሳቸው ወላጆች ወረቀታቸውን ጨብጠው «የእሷ ብቻ ይመለስ! የእኛ አይነካም!» ብለው ጮኹ። ፍትሕ ማለት ለእነሱ ይኸው ነው።

«አቶ ግርማ፣ ባልዲው አጠገብ ቆመው ነበር። ያዩት ስህተት አለ?» አልኳቸው።

«እኔማ ምንም አላየሁም» አሉኝ። «ጉዳዩ ግን እኛ ያየነው አይደለም አባ። ሕዝቡ የሚያምነው ነው።»

እንግዲህ ምን ልሰውራችሁ፣ ፈተና ገባሁ። ወረቀቷን ብመልሳት ስሜ ይመለስልኛል። «አይነካካም» እንደተባልኩ እቀራለሁ፤ አስቴርም ትታረቀኝ ይሆናል። የሚጎዳ ማንም የለም፣ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ብቻ። እሷም ምን እንደሆነ አታውቅ። ሰላም የሚሉት ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ከሁሉ ትንሹ ሰው ነው። በአደባባይ ስንት ጊዜ ስለ ሰላም ሰብኬያለሁ መሰላችሁ!

ይህን ሳሰላስል አንድ እጅ እጅጌዬን ጎተተኝ። ሂቦ ናት።

«አባ፣ መልሰው» አለችኝ በዝግታ። «ስላንተ ነው። ስምህ አይጥፋ። ሐምዳ የትም ትማራለች።»

ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ የሆነ ምሥጢር የተካፈልን ያህል ነበር የምታየኝ። ያኔ አልገባኝም። ይልቅ ቁጣዬ ገነፈለ። እሷ ለስሜ ብላ ልጇን ልትሰጥ! እኔ ደግሞ ለስሜ ብዬ ልቀበላት!

«ዝም በይ፣ ልጅሽን ያዢ» አልኳትና ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አውጣ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አላየሁም፣ አልመረጥኩም። ሌባ ነው ካላችሁ በሉ፤ አፋችሁን አልይዝም። ልጅቷ ግን ገብታለች።»

ደረጄን መዝግብ አልኩትና ባልዲውን ደፋሁት። የቀሩት ባዶ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ሰው እየተሳደበ ወጣ። በሩ ላይ አንዱ ምራቁን ተፋ፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በማግስቱ አገኘሁትና ሰላም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከእኔ ቀድሞ በየሰፈሩ ገባ። ከገበያ እስከ ባጃጅ ተራ «አባ ዕጣ» ተባልኩ። ከበላዬ ያሉት አባት ጠርተው ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አምንሃለሁ አሉኝና ለከርሞው ግን ዕጣውን ሌላ ሰው ያስፈጽም አሉ፣ ለሰላም ሲባል። ከኃላፊነቱም ተነሳሁ። ከተማውም «አየህ፣ ጥፋቱ ባይገኝበት ይነሳ ነበር?» አለ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የሚቀጥለውን ነው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ያ ጺማም ነጋዴ ቤቴ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ተቀምጦ ግራ ቀኙን አየና፣ ለወንድሙ ልጅ አንድ ቦታ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። «ለሂቦ ያደረግከውን ለእኔም» አለ። ኃላፊነት የለኝም አልኩት። ይገባኛል፣ ከበስተጀርባ ነው የምትሠራው አለና ጠቀሰኝ። ከእሱ በኋላ ያቺ ከግድግዳው ጥግ የነበረች ሴት መጣች። ከዚያ አቶ ግርማ ስለ ትልቁ ሰው ሁለተኛ ልጅ ደወሉ፤ አሁን «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንተ» ብለውኛል፣ እንደ ወዳጅ። አንድም ሰው «ለምን ሰረቅክ?» አላለኝም። ለካስ ግቢው ሙሉ ሲጮኽ የነበረው በመስረቄ አልነበረም። ለእነሱ ስላልሰረቅኩ ነበር!

አስቴር አልመጣችም። ዓመት በዓል አለፈ፣ አልመጣችም። በመጨረሻ እኔው ሄድኩ። ምግብ አቀረበችልኝ፣ ስለ ሜላትም አዲሱ ትምህርት ቤት አወራችኝ። ስወጣ በሩ ላይ «አንድ ቀን እንኳ ለእኛ ብለህ አታውቅም» አለችኝ። እሷም የምታምነው ሰርቄያለሁ ብላ ነው፤ የጎዳት ለሌላ ሰው መስረቄ ነው።

ያኔ ልቤን የደገፍኩት በአንድ ነገር ነበር። ቢያንስ ሂቦ እውነቱን ታውቃለች አልኩ። እጅህ አያዳላም ያለችኝ እሷ ናት። ከዚህ ሁሉ ሺህ አፍ መካከል አንድ ሰው እንኳ ንጹሕ መሆኔን ካወቀ ይበቃኛል ብዬ እጽናና ነበር።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ከሰዓት መጣች። ሐምዳን ዩኒፎርም አልብሳ፣ በካርቶን ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛ። ሐምዳ በረንዳው ላይ ከድመቷ ጋር ስትጫወት ሂቦ ተቀመጠችና ሐልዋውን ወደ እኔ ገፋችው።

«አባ፣ ያደረግህልንን መቼም አልረሳም» አለች።

«ምን አደረግሁልሽ? ዕጣ ነው የደረሰሽ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። ስሚኝ ሂቦ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም። እጄን ከተትኩ፣ ያገኘሁትን አወጣሁ።»

ወደ በሩ ተመለከተች፤ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አውቃለሁ አባ። ማንም ቢጠይቀኝ ልክ እንደዚሁ ነው የምለው።»

ሐልዋውን መልሰሽ ውሰጂ ልላት አሰብኩ። ግን እሱን ደግሞ ምን ብላ እንደምትተረጉመው ገመትኩና ተቀበልኳት። በሙቀቱ ቀልጦ ነበር።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ትሉኝ ይሆናል። ሰውን ተናድጄበት ቀረሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ ዛሬም ነሐሴ ሲመጣ ስልኬን አጠፋለሁ። ግን ሌላም ነገር አለ። ከዚያ በፊት ጽድቅ የምሠራው ሰው እንዲያይልኝ እንደነበር አላውቅም ነበር። ለድሃ ስፈርድ፣ ባለ ሥልጣን ስመልስ፣ አንድ ጆሮዬ ሁልጊዜ «አይነካካም» የሚለውን ቃል ይጠብቅ ነበር። አሁን ያን የሚለኝ የለም። ትክክል የመሰለኝን አደርጋለሁ፣ ሰዎች ምን አስቦ ነው ይላሉ፣ እኔም ወደ ቤቴ እገባለሁ። ቀሎኛል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጸሎቴም አጥሯል። ድሮ ስለ ስሜ ብዙ አወራ ነበር።

ሐምዳ አሁን አድጋለች፤ ማንበብ ችላለች። ግቢ ውስጥ ስታገኘኝ ትጨብጠኛለች፤ ያችኑ እጄን። እሷ ስለ ባልዲው የምታስታውሰው ነገር የለም።

እውነቱን እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ አሁን ደግሞ ለእናንተ ነገርኳችሁ። እናንተ ከባልዲው ሩቅ ናችሁ፤ ልጅም አላሰለፋችሁም። ግን ይህን ታሪክ ስታነቡ፣ «እውነት ሳያይ ነው ያወጣው?» ብላችሁ ለአፍታ ያልተጠራጠራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?